ሴሊያክ ያለበት ሰው ጥምቀትን ጎንደር ሲያከብር ምን ይብላ?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 31 ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ለረጅም ጊዜ ደም ማነስና ተቅማጥ ሲያመላልሰኝ ቆይቶ፣ በደም ምርመራና በኢንዶስኮፒ ሴሊያክ መሆኑ ተረጋገጠ። ቤቴ ውስጥ ተጠንቅቄ ስለምበላ አሁን ደህና ነኝ። ለጥምቀት ግን የባለቤቴ ቤተሰቦች ጋ ጎንደር ልንሄድ ነው። አሥር ቀን ያህል እንቆያለን። ባለቤቴ ‹እዚያ የሚበላው እንጀራ ነው፤ ጤፍ ደግሞ ግሉተን የለውም፤ ምን ያስጨንቅሻል?› ይለኛል። አማቴ እንግዳ አልበላም ሲል የሚከፋቸው ሰው ናቸው። ትንሽ ትንሽ ብቀምስ ይጎዳኛል? ከምግብ በፊት የሚወሰድ መከላከያ ኪኒን አለ የሚሉኝም አሉ። መንገድ ላይስ ምን ልብላ?»

ምላሽ፦ ግሉተን በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው፤ ሴሊያክ ያለበት ሰው አንጀት የሚጎዳው በእሱ ነው። ባለቤትዎ ከተናገሩት ግማሹ ልክ ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም። ሴሊያክ ያለበት ሰው ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ዕድሜ ልኩን ቢበላ አይጎዳውም። የተሳሳቱት እንጀራ ሁሉ ጤፍ ብቻ ስለሚመስላቸው ነው። ጤፍ ከተወደደ ወዲህ በየቤቱም በየሆቴሉም ምንም ሳይቀላቀልበት የሚጋገር እንጀራ ቀንሷል። ጎንደርም ከዚህ አታመልጥም።

ቅልቅሉ ሁሉ ግን እኩል አያስፈራም። በጣና ዙሪያ ከጤፍ ጋር ብዙ ጊዜ የሚቀላቀለው የፎገራ ሩዝ ነው። ሩዝ ግሉተን የለውም። በቆሎ፣ ማሽላና ዳጉሳም የላቸውም። እንጀራውን ቢያደርቁት ወይም ቢያሻክሩት እንጂ አንጀትዎን አይነኩም። መፍራት ያለብዎ ገብስና ስንዴን ነው። ወደ ደጋው፣ ወደ ዳባትና ደባርቅ በወጡ ቁጥር የገብስ እንጀራ ይበዛል። ሰሜን ተራሮችን ለማየት ካሰባችሁ ይህን አስቀድመው ይወቁት። «ነጭ ስለሆነ ማኛ ጤፍ ነው» የሚል ማረጋገጫ ደግሞ አይቀበሉ። ነጭ ገብስ፣ ስንዴና ሩዝም እንጀራን ያነጣሉ። በዓይን የሚለይ ነገር የለም።

ማንም ሰው ሆን ብሎ ምንም ባይቀላቅልም ወፍጮ ቤቱ አለ። የሰፈር ወፍጮ በአንድ ቀን ውስጥ የሁሉንም ሰው እህል ይፈጫል። ከእርስዎ በፊት የነበሩት ሴትዮ ስንዴ አስፈጭተው ከሆነ፣ በድንጋዩና በአፈሳሹ ላይ የቀረው ዱቄት ቀጥሎ ከሚገባው ጤፍ ጋር ይወጣል። መጠኑን በቁጥር ላሳይዎ። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ «ከግሉተን ነጻ» የሚለው በአንድ ኪሎ ምግብ ውስጥ ከ20 ሚሊግራም ያልበለጠ ግሉተን ሲኖር ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት 8 ግራም ያህል ይመዝናል። ከዚያ ውስጥ ወደ 800 ሚሊግራም የሚጠጋው ግሉተን ነው። ይህችው አንድ ማንኪያ አንድ ኪሎ ጤፍ ውስጥ ብትገባ ከደረጃው 40 እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ዱቄቱ ሲታይ ምንም ለውጥ የለውም። እንጀራውም ያው እንጀራ ነው።

እርሾም ይረሳል። ገብስ ወይም ስንዴ የሚቀላቅል ቤት እርሾው ውስጥም ያው አለ። ንጹሕ የጤፍ ዱቄት በዚያ እርሾ ቢቦካ ሊጡ ከመጀመሪያው ተበክሏል። «ሲቦካ ግሉተኑ ይሞታል» የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙዎታል። ግሉተን ፕሮቲን ነው፤ ሕይወት ስለሌለው አይሞትም። የቤት ቡኮ የተወሰነውን ቢሰባብረውም ለሴሊያክ በሚበቃ ደረጃ አያጠፋውም። የምጣድ እሳትም አያጠፋውም።

ወደ «ትንሽ ብቀምስ» ልምጣ። መልሴ አይሆንም ነው። ሴሊያክ እንደ ጨጓራ ሕመም ያበሳጨውን ያህል አሞ የሚተው ችግር አይደለም። የሰውነት መከላከያ ግሉተንን ባገኘ ቁጥር የራሱን ትንሹን አንጀት ያጠቃል። ምግብ የሚመጥጡት ጥቃቅን ጣት መሰል ነገሮች ይጠፋሉ። ደም ማነስዎ የመጣው ከዚያ ነው፤ ብረቱን ቢበሉትም አንጀቱ አልወሰደውም። ለብዙ ታካሚዎች ጉዳት የማያደርሰው መጠን በቀን እስከ 10 ሚሊግራም ግሉተን አካባቢ እንደሆነ ይገመታል። አንድ ቁራጭ ዳቦ ውስጥ ወደ 2,000 ሚሊግራም አለ። ስለዚህ ቁራጩ ለሁለት መቶ ቢከፈል አንዱ እጅ፣ ማለትም ጣትዎ ላይ የሚቀር ፍርፋሪ፣ የቀኑን ድርሻ ይጨርሳል። ከበሉ በኋላ ምንም አለመሰማትም ዋስትና አይሆንም። ሆዳቸውን ሳያማቸው አንጀታቸው የሚጎዳ ታካሚዎች ብዙ ናቸው።

ኪኒኑን በተመለከተ፣ ሴሊያክን የሚከላከል መድኃኒት የለም። ግሉተንን ይፈጫሉ ተብለው የሚሸጡት የኢንዛይም እንክብሎች ዳቦ በልተው እንዲያመልጡ አያደርጉም። የጨጓራ አሲድ መቀነሻም ከዚህ ጋር ግንኙነት የለውም። ገንዘብዎን ለጤፍ ያውሉት።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። በየማዕዱ እየጠየቁና እየገመቱ አሥር ቀን ለመክረም አይሞክሩ። አንድ ንጹሕ የምግብ ምንጭ ያዘጋጁና ከእሱ ብቻ ይብሉ። የእንጀራ ዱቄትዎን፣ ሽሮዎንና በርበሬዎን ከቤትዎ ይዘው ይሂዱ። ለአንድ ሰው ለአሥር ቀን አምስት ኪሎ የጤፍ ዱቄት ከበቂ በላይ ነው። ዱቄት ተሸክሞ ጎንደር መግባት ነውር እንደሚመስል አውቃለሁ፤ የጎንደር ሴት ይህን ስትሰማ ፊቷ እንዴት እንደሚሆንም መገመት አያቅተኝም። ቢሆንም ሌላው መንገድ ሁሉ በዕድል ላይ የቆመ ነው።

ዱቄቱን ሲያዘጋጁ ጤፉን በእህልነቱ ይግዙ። የተፈጨ አይግዙ። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ፣ ከማሳም ሆነ ከአውድማ አብሮ የመጣ የገብስና የስንዴ ፍሬ በጠባብ ወንፊት ሲነፋ ላይ ይቀራል። አንዴ ከተፈጨ በኋላ ግን የሚለየው ወንፊት የለም። ነፍተው፣ አጥበው፣ በደንብ አድርቀው ጤፍ ብቻ የሚፈጭ ወፍጮ ይፈልጉ። ካጡ በቤት መፍጫ ይፍጩት። አድካሚ ነው፤ ግን የሚያስተማምን ነው። ሽሮና በርበሬም በዚያው የሰፈር ወፍጮ ስለሚያልፉ ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ።

ለመንገዱና ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ድርቆሽ ይያዙ። ከራስዎ ንጹሕ እንጀራ የተዘጋጀ ድርቆሽ ቀላል ነው፤ በቶሎ አይበላሽም፤ በሙቅ ውኃና በትንሽ በርበሬ ፍርፍር ይሆናል። ጎንደር እንደደረሱ የጤፍ ዱቄትዎን በንጹሕ ዕቃ በውኃ በጥብጠው አዲስ እርሾ ይጀምሩ። እንደ አየሩ ሁኔታ ሦስት አራት ቀን ይፈልጋል። እስከዚያ ድርቆሹ ያደርስዎታል። የአማትዎን እርሾ «ለማፋጠን» ጠብ አያድርጉበት።

ምጣዱን በተመለከተ ጥብቅ ነኝ። የሸክላ ምጣድ ቀዳዳው ብዙ ነው፤ የጋገረውን ይመጥጣል፤ በሳሙና አይታጠብም። ዳቦ፣ ቂጣ ወይም የገብስ እንጀራ ሲጋገርበት የኖረ ምጣድ ለእርስዎ አይሆንም። ከገበያ አዲስ ምጣድ ይግዙና በጎመን ዘር ያሟሹት። ስትመለሱ ለአማትዎ ስጦታ ይቀራል። ማሰሻውም፣ ሰፌዱም፣ መሶቡም የተለየ ይሁን። መጋገሪያ ቤቱ ውስጥ የስንዴ ዱቄት ሲነፋ ዋለ ማለት አቧራው ሁሉም ላይ አርፏል ማለት ስለሆነ፣ የእርስዎ እንጀራ ዳቦ በሚቦካበት ቀን አይጋገር። ለበዓል ድፎ የሚደፋው በዋዜማው ነውና ቀደም ብለው ይጨርሱ።

አማትዎን ማስረዳት ከባድ ይመስልዎታል። እኔ ግን ከባለቤትዎ ይልቅ እሳቸው ቶሎ ይረዱዎታል ብዬ አስባለሁ። ጾም የሚጾም ቤት የፍስክና የጾም ዕቃ መለየትን ያውቅበታል። ቅቤ የነካው ማንኪያ የጾም ወጥ ውስጥ አይገባም፤ «ትንሽ ነው» ብሎ የሚከራከርም የለም። «እማማ፣ ስንዴና ገብስ ለእኔ ልክ እንደ ፍስክ ነው፤ ያውም ዓመቱን ሙሉ» ይበሏቸው። በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር የተለየ ማንኪያ፣ የተለየ ቢላ፣ የተለየ ድስት ለምን እንደሚያስፈልግ ይገባቸዋል። ከመሄድዎ ሁለት ሳምንት በፊት ይደውሉ። ቢቻል ባለቤትዎ ራሳቸው ይንገሯቸው። ምራት ከማዕድ ላይ ተነሥታ «አልበላም» ስትል ቅሬታ ይሆናል፤ ልጅ እናቱን በስልክ «ታማለች፣ ሐኪም ከልክሏታል» ሲል ግን ነገሩ የቤቱ ጉዳይ ይሆናል። በሽታ መሆኑን በግልጽ ይናገሩ። «አይስማማኝም» ካሉ «ይስማማሻል፣ በሞቴ!» ነው የሚከተለው።

ጉርሻን ግን ለብቻው ያንሡት። ዳቦ ሲቆርስ በነበረ እጅ የተጠቀለለ ጉርሻ ፍቅርም ፍርፋሪም ይዞ ነው የሚመጣው። በጋራ ትሪ ላይ መብላትም እንዲሁ ነው። የእርስዎ ሳህን ለብቻው ይሁን፤ ወጡም ከሌሎች በፊት ይቀዳልዎ። ማጉረስ የፈለገ ሰው እጁን ታጥቦ ከእርስዎው ሳህን ያጉርስዎ።

ከበዓሉ ማዕድ የሚበላ ነገር ሞልቷል። በከተራው ዕለት የገሃድ ጾም ስለሆነ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ድንች ይኖራል። በማግስቱ ዶሮ ወጡ ከሽንኩርት፣ ከንጹሕ በርበሬና ከቅቤ እስከተሠራ ድረስ ችግር የለበትም። ጥብስ፣ ክትፎ፣ አይብና እንቁላልም እንዲሁ። አዋዜው በምን እንደተበጠበጠ ግን ይጠይቁ። ቡና ላይ የሚቀርበው ቆሎ ገብስ አለበት፤ ሽምብራና ሱፍ የተቀላቀለበት ቢሆንም ለቅሞ መብላት አያዋጣም። ፈንድሻ ይበሉ። በሶ፣ ቂንጬ፣ ጨጨብሳ፣ ገንፎና ዳቦ ቆሎ ይቅሩ። ለታመመ ሰው ይበጃል ተብሎ የሚቀርበው የአጃ አጥሚትም ይቅር። በአንዳንድ አካባቢ አጃ የሚሉት ራሱ የስንዴ ዝርያ ነው፤ ሌላው ደግሞ ከስንዴና ከገብስ ጋር ተቀላቅሎ የሚገኝ ነው።

መጠጥ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «የዳጉሳ ጠላ ነው፣ ገብስ የለበትም» ይባላሉ። ዳጉሳው ልክ ነው፤ ብቅሉ ግን ብዙ ጊዜ ገብስ ወይም ስንዴ ነው። ጠላና ካሪቦ ይለፉ። ቢራም ከገብስ ብቅል ነውና ጎንደር የሚጠመቀው ዳሽንም ሆነ ሌላው ይቅር። ጠጅ ከማር፣ ከጌሾና ከውኃ ብቻ ከተጣለ ግሉተን የለበትም። ብርዝም እንዲሁ። አረቄ ሲወጣ ፕሮቲኑ በእንፋሎት ስለማያልፍ በዚህ በኩል አያሰጋም፤ በሌላ በኩል ምን እንደሚያደርግ ግን እርስዎም ያውቃሉ።

ፋሲል መዋኛ ከታቦቱ ጋር ረጅም ሰዓት ነው የሚዋለው። ርሃብ ሲጠና ሰው ያገኘውን ይበላልና ምሳ ዕቃዎን ይዘው ይውጡ። ሙዝ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ የተቆላ ለውዝ ከራስዎ ቤት። የሚረጨው ጠበል ምንም አያደርግዎም። ጠበል ጻድቅ ላይ የሚዞረው ዳቦና ጠላ ግን የታወቀ ነው።

ሥጋ ወደሙን ስለሚቀበሉ ታካሚዎች ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ኅብስቱ ከስንዴ ነው፤ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ግሉተን አለበት። ሕክምናው ሊነግርዎ የሚችለው ይህን ብቻ ነው። ሌላውን ከንስሐ አባትዎ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩበት። በቅዳሴው ሰዓት የሚወሰን ነገር አይደለም።

ሆቴልና ምግብ ቤት መግባት ግድ ከሆነ «ግሉተን አለው ወይ?» ብለው አይጠይቁ። አስተናጋጁ ደስ እንዲልዎ «የለውም» ይላል። «የስንዴ ዱቄት ወይም ገብስ ገብቶበታል? በምን ዘይት ተጠበሰ?» ይበሉ። የጾም ሾርባ ብዙ ጊዜ በዱቄት ይወፍራል። የጣና ዓሣ ጥሩ ምግብ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ቦታ ዱቄት ተነስንሶበት ይጠበሳል። ሳይነሰነስበት ቢጠበስም ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ በወጣበት ዘይት ከሆነ ያው ነው። የድንች ጥብሱም በዚያው ዘይት ነው የሚወጣው። በተለየ መጥበሻ፣ በጨውና በቅቤ ወይም በዘይት የተጠበሰ ሥጋ፣ የተቀቀለ ድንች፣ እንቁላል፣ አቮካዶ፣ የቲማቲም ሰላጣ ይዘዙ። እንጀራውን ከቦርሳዎ ያውጡ። አስተናጋጁ ቢገረም ይገረም።

በአውሮፕላን ከሆነ የምትሄዱት፣ የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ወዳለበት ወደ አዘዞ ያለው በረራ አንድ ሰዓት ገደማ ስለሆነ የሚቀርበውን ቁርስ አይንኩ፤ ምግብ ከቤትዎ በልተው ይውጡ። ወደ ውጭ አገር ለሚደረግ ረጅም በረራ ግን ከግሉተን ነጻ የሆነ ልዩ ምግብ ማዘዝ ይቻላል። ትዕዛዙ በረራው ከመድረሱ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት መግባት አለበት፤ የያዙት ድርቆሽ ያኔም አይጣልም። በመኪና ከሆነ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አውቶቡሱ በቆመበት ምግብ ቤት ለመዘጋጀት ጊዜ የለም። የሁለት ቀን ምግብ እንዳለዎ አድርገው ይነሡ፤ መኪና ይበላሻል፣ መንገድም ይዘጋል።

ተጠንቅቀውም ሆድዎ ሊያምዎት ይችላል። ተቅማጥ በመጣ ቁጥር ግሉተን ነው ብለው አይደምድሙ። ጃርዲያና አሜባ ለመንገደኛ ቅርብ ናቸው፤ ጃርዲያ በተለይ ከሴሊያክ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ያልፈላ ወይም ያልታሸገ ውኃ አይጠጡ። ተቅማጡ ሦስት ቀን ካለፈ፣ ትኩሳት ወይም ደም ካለው፣ ወይም የጠጡትን ሁሉ ካስታወከዎ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይሂዱና ሴሊያክ እንዳለብዎ ተናግረው ሰገራዎ ይመርመር። ኦ አር ኤስ ቦርሳዎ ውስጥ ይኑር። በስህተት ግሉተን በልተው ከሆነ ደግሞ የሚያጥበው መድኃኒት የለም። ማስታወክን አያስገድዱ። ፈሳሽ ይውሰዱ፣ ይረፉ፣ ወደ ንጹሑ ምግብዎ ይመለሱ። አንድ ስህተት ሆነ ማለት በዓሉን በሙሉ እንደ ልብ መብላት ተፈቀደ ማለት አይደለም። ይህን የምለው «አንዴ ተበላሽቷል» ብለው የሚቀጥሉ ሰዎች ስላሉ ነው።

ይህን የሚያነቡ «እኔንም ዳቦ ይነፋኛል» የምትሉ ሌሎች ሰዎች፣ ሳትመረመሩ ስንዴ አታቁሙ። የደም ምርመራውም ኢንዶስኮፒውም ትክክለኛ ውጤት የሚሰጡት ግሉተን እየበላችሁ ስትመረመሩ ነው። የስንዴ አለርጂ ደግሞ ሌላ በሽታ ነው፤ አያያዙም ይለያል።

ጠያቂዬ፣ አማትዎ ቤት የተለየ ምጣድና ዕቃ ማዘጋጀት እንደማይቻል በስልክ ከተረዱ፣ ጉዞውን አይሰርዙ። አሥር ቀኑን ወደ አራት ወይም አምስት ያሳጥሩና ሙሉውን በድርቆሽ፣ በእንቁላል፣ በድንችና በራስዎ ሽሮ ይክረሙ። አንዲት ትንሽ አዲስ ድስትና አንድ ማንኪያ ይዘው ይሂዱ። ዱቄቱን ግን አሁኑኑ ማዘጋጀት ይጀምሩ፤ ጤፉ ታጥቦ እስኪደርቅ ቀናት ይፈልጋል።